ጎበዜ የወለደች ሌሊት

(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፤ ለቅዳሜ የአማርኛ ክፍል ተማሪዎችና ወላጆች የተደረገ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ። ፊት ለፊት የተቀመጣችሁት ልጆች ከገባሁ ጀምሮ ዓይናችሁ ከዚህ ሳጥን ላይ አልተነሣም። ቀድሜ ልንገራችሁ፣ እንስሳ የለበትም። በውስጡ ያለው አንድ የወጥ ቤት ሚዛን፣ አንድ መርፌ የሌለው ሲሪንጅና የባለቤቴ አሮጌ ነጠላ ነው። ጎበዜ ቤት ናት፤ ተኝታለች። እሷ የሌሊት እንስሳ ስለሆነች ቀን በስምንት ሰዓት መቀስቀስ እኔን በሌሊት በስምንት ሰዓት እንደ መቀስቀስ ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት አገር ቤት ሳለሁ ሠላሳ ዓመት ያህል ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ። የአጥቢ እንስሳትን አረባብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደሣልሁ ቁጥሩን አላውቀውም። ታዲያ ይህን ሁሉ ያስተማረ ሰው፣ አንድ ብርቱካን የምታህል እንስሳ በገዛ ሳሎኑ ውስጥ አርግዛ ስትዞር ሦስት ሳምንት ሙሉ «ወንዱ ልጃችን ወፈረ» እያለ ሲደሰት ከረመ። ዛሬ የምነግራችሁ ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ የስም ነገር እናጥራ። እኛ ጃርት ብለን ያደግነው ድንችና በቆሎ የሚፈጅብንን፣ ረጅም ጥቁርና ነጭ እሾህ ያለውን ትልቁን እንስሳ ነው። እሱ ከአይጥ ወገን ነው። እዚህ አገር ልጆቻችሁ ሄጅሆግ የሚሉት ደግሞ ሌላ ነው፤ አጭር እሾህ ያለው፣ ሲፈራ እንደ ኳስ የሚጠቀለል፣ ነፍሳትና ትል የሚበላ ትንሽ ፍጥረት ነው። ከትልቁ ጃርት ጋር የሚያገናኘው እሾሁ ብቻ ነው፣ ዝምድና የላቸውም። በአማርኛ ብዙ ሰው ሁለቱንም ጃርት ይላቸዋል። እኔ እንዳንደናገር ብዬ ዛሬ ሄጅሆግ እላለሁ። ባለቤቴ ግን ጃርት ናት ብላለች፤ እሷን የሚከራከር ካለ ቤታችን ቡና አለ።

አሁን ደግሞ የሚገርማችሁን ልንገራችሁ። እዚህ በየቤቱ የሚረባው የዚህ ዝርያ ሳይንሳዊ ስሙ አቴለሪክስ አልቢቬንትሪስ ነው፤ አልቢቬንትሪስ «ሆደ ነጭ» ማለት ነው። የዱር ዘመዶቹ ከሴኔጋል ተነሥቶ እስከ ኢትዮጵያና ሶማሊያ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ እስከ ዛምቢያ ድረስ ባለው የሣር ምድር ይኖራሉ። በረሃውን የሚወድ ሌላ ዝርያም አለ። እሱን ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤረንበርግ በ1832 እ.ኤ.አ. በእኛው አገር ስም «ኤቲዮፒከስ» ብሎታል። እንግዲህ ጎበዜ አያት ቅድመ አያቶቿ ከአፍሪካ የመጡ፣ እሷ ግን አሜሪካ የተወለደች ናት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን ታሪክ የማይጋራ ልጅ ስንት አለ?

ወደ ቤታችን ልመለስ። ጥር ውስጥ የልጅ ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ውሻ ለምና ተከልክላ፣ ድመት ለምና ተከልክላ በመጨረሻ ሄጅሆግ ላይ ተስማማን። የሄድንበት ሱቅ ሻጩ አንዷን ከብዙ ወንድሞችና እህቶች መካከል አንሥቶ ገልበጥ አደረጋትና «ወንድ ነው፣ ሦስት ወሩ ነው» አለን። ልጅቷም «ጎበዜ» አለችው። እኔ መነጽሬን እንኳ አላወጣሁም።

አሁን የማውቀውን ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ እንስሳዋን በብርሃን አስተላላፊ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ ከሥር ቀና ብዬ አይ ነበር። በእጅ ሲይዟት ትጠቀለላለች፤ ሳጥን ላይ ስትራመድ ግን ሆዷ ወለል ብሎ ይታያል። ወንዱ ሆዱ መካከል ላይ እምብርት የሚመስል ነገር አለው። የሴቷ ግን ወደ ኋላ፣ ከጅራቷ ሥር ነው። ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ጎበዜ ቤታችን እንደገባ መብላት ጀመረ። መቼም የእኛን ቤት ታውቃላችሁ፤ የበላ ልጅ ይወደዳል። ስንገዛው 260 ግራም ነበር። በአሥራ አምስተኛው ቀን ስመዝነው 330 ገባ። ባለቤቴ «ተመስገን፣ ለመደ» አለች። ከዚያ ደግሞ ከወለሉ ላይ የጨርቅ ቁርጥራጭ በአፉ እየጎተተ ወደ መኝታው ጥግ ማከማቸት ያዘ። የልጅ ልጄ «አያቴ፣ ቤቱን እያሳመረ ነው» አለችኝ፤ እኔም አመንኋት።

በአሥራ ዘጠነኛው ሌሊት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ የጫጩት ድምፅ ሰማሁ። ቀጭን፣ የተቆራረጠ ጩኸት ነው። ወፍ በማሞቂያው ቱቦ የገባ መስሎኝ ወንበር ላይ ቆሜ ጣሪያውን ሳዳምጥ ባለቤቴ ከታች ጠራችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ውረድ። ጎበዜ ወልዷል።»

«ወንድ እንዴት አድርጎ ይወልዳል?»

«እሱን ሠላሳ ዓመት ያስተማርከው አንተ ነህ።»

በጠዋት ተቀምጬ ሒሳቡን ሠራሁ። የዚህ ዝርያ እርግዝና 35 ቀን ገደማ ነው። ቤታችን የቆየችው አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው። ስለዚህ ከመግዛታችን ሁለት ሳምንት ከምናምን በፊት ሱቅ ውስጥ፣ ከገዛ ወንድሞቿ ጋር በአንድ ሣጥን ሳለች አርግዛለች ማለት ነው። ሴቷ በሁለት ወሯ ማርገዝ ትችላለች፣ ማርገዝ ግን የሚገባት አምስትና ስድስት ወር ሲሞላት ነው። ጎበዜ ገና ልጅ ነበረች። እንግዲህ «እሱ» ማለታችንን ያቆምነው ያን ዕለት ነው። ስሟን ግን የልጅ ልጄ አልቀይርም አለች።

ልጆች፣ አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እሾህ ያለው ልጅ እናቱን ሳይወጋ እንዴት ይወለዳል? አላወቃችሁም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ግልገሏ ስትወለድ ቁመቷ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ናት። ክብደቷ አሥር ግራም ገደማ ነው። ይኸውላችሁ ሁለት ወረቀት ሚዛኑ ላይ አስቀምጬአለሁ፣ አያችሁ? አሥር። ዓይንና ጆሮዋ ዝግ ነው፣ ቀለሟ ሮዝ ነው። ጀርባዋ ላይ ያለው ቆዳ ግን በውሃ ተነፍቶ እንደ እርጥብ ትራስ አብጧል፤ አንድ መቶ ያህል ነጫጭ እሾሆች በዚያ ትራስ ውስጥ ተቀብረው ነው የምትወለደው። ከተወለደች በኋላ ሰውነቷ ውሃውን መልሶ ይመጠዋል። ቆዳው ይሟሽሻል፤ እሾሆቹም በሰዓታት ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ይላሉ። እሾሁ ያን ጊዜ ገና ለስላሳ ነው። ከዚያ በቀናት ውስጥ በነጮቹ መካከል ጠቆር ያለው ሁለተኛ ዙር ይበቅላል። ይህን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለተማሪዎቼ ሳልነግራቸው መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሐኪም ፍለጋ ስልክ ደወልሁ። መጀመሪያ ያገኘኋቸው ውሻና ድመት እንጂ ሌላ አናይም አሉኝ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። ከውሻና ከድመት ውጭ ያሉ እንስሳትን የምታክም አንዲት ሐኪም በሦስተኛው ሙከራ ተገኘች። እኔ ብዙ ጥያቄ ጽፌ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ የጠየቀችኝ አንድ ብቻ ነው፣ «ነክታችኋቸዋል?» የሚል። አልነካንም። «እንግዲያው ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ብትችሉ አሥር ቀን እጃችሁን አትስደዱ። ጎጆዋን አታጽዱ፤ ቦታዋን አትቀይሩ፤ ሰው አታሳዩባት።»

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የደነገጠች የሄጅሆግ እናት ግልገሎቿን ትተዋቸዋለች፤ አለዚያም ትበላቸዋለች። ይህን ስትሰሙ ፊታችሁ ሲኮማተር አያለሁ። ጭካኔ ግን አይደለም። ዱር ውስጥ ጎጆዋ የተገለጠባት፣ ሽታዋ የታወቀባት እናት ልጆቿን ከአውሬ ማትረፍ አትችልም፤ ሰውነቷ ያወጣውን ምግብ መልሶ ይሰበስባል። በተለይ በልጅነቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የወለደች ለዚህ የቀረበች ናት። አባትየው አጠገቧ ካለ ወዲያውኑ መለየት አለበት፤ እሱም ግልገሎቹን ይበላል፣ እሷም በወለደች በቀናት ውስጥ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ዘርዝሬ ስጨርስ «ታዲያ አራስ መሆኗን ለመንገር ይህ ሁሉ ወሬ ምን ያደርጋል?» አለችኝ። ተነሥታ አሮጌ ነጠላዋን በጎጆው ላይ ጣል አደረገችበት። ቴሌቪዥኑን አጠፋች። ቡና መቁላት ወደ በረንዳ ወጣ፤ በዚያ ብርድ! ወሬው ተሰምቶ የጎረቤት ልጆች በሩን ሲያንኳኩ «አራስ ቤት ዝም ብሎ አይገባም፣ ዓይንም አለ» ብላ መለሰቻቸው። እኔ ወጣት መምህር ሳለሁ ስለ ቡዳና ስለ ዓይን ስትናገር እስቅባት ነበር። እናቴ ከወለደች በኋላ በጨለማ ክፍል፣ በመጋረጃ ተከልላ የተቀመጠችበትን ጊዜ አስታውሳለሁ፤ ማንም እንግዳ ሕፃኑን ገልጦ አያይም ነበር። ሐኪሟ በሳይንስ ቋንቋ የነገረችኝ ያንኑ ነው።

አመጋገቧን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ገንፎ አይሰጥም! ለግልገል ድመቶች የሚሠራው ደረቅ ምግብ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ ስለሆነ እሱን ሳህኗ ሳይጎድል እናደርግላታለን፤ ከእሱ ጋር ጥቂት የዱቄት ትልና የተቀቀለ እንቁላል ፍርፋሪ እንጨምራለን። የምታጠባ እናት እስክትጠግብ ትብላ፤ ስለ ውፍረት የሚታሰበው በኋላ ነው። የውሃ ሳህኗን አንሥተን ጠርሙስ ሰቀልንላት፤ ግልገል ተንፏቆ ሳህን ውስጥ ይሰጥማል። የምትሮጥበትን መሽከርከሪያም አወጣን። ሙቀቱን ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል አድርገን ብርሃን በማይሰጥ ማሞቂያ ጠበቅነው። ከ18 በታች ከወረደ ሰውነቷ እንደ አውሮፓ ዘመዶቿ የክረምት እንቅልፍ ሊተኛ ይሞክራል፤ ለዚያ ግን አልተፈጠረችም፣ ትሞታለች።

አሁን ወደማፍርበት ደረስሁ።

በሦስተኛው ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ስንት እንደሆኑ ማወቅ ፈለግሁ። ለምን? ለምንም። መምህር መቁጠር ይወዳል። ባለቤቴ ተኝታለች። የስልኬን መብራት አብርቼ ነጠላውን ገለጥሁ፣ የመኝታዋን ክዳን አነሣሁ። አራት ነበሩ። ጎበዜ እሾሁን አቁማ እንደሚንተከተክ ጀበና ፍ-ፍ-ፍ አለችብኝ። ክዳኑን መልሼ በጣቴ ጫፍ ተራምጄ ሄድሁ።

በጠዋት ሁለት ሆነው ከሥሯ ነበሩ። አንዱ ከጎጆው ውጭ፣ ሳጥኑ ጥግ ላይ ቀዝቅዞ ተጥሏል። አራተኛው የለም።

የልጅ ልጄ «አራተኛው የት ሄደ?» አለች። አዋቂ ሰው ለልጅ የሚዋሻቸው ውሸቶች ሁሉ አፌ ድረስ መጡ። ከዚያ «እናቱ በላችው፤ ፈርታ ነው። ያስፈራኋትም እኔ ነኝ» አልኋት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ባለቤቴ ግን ተናገረችኝ፤ ምን እንዳለች በዚህ ጉባኤ ፊት አልደግመውም።

የተጣለው ግን ይተነፍስ ነበር። እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልናገር፣ ከእናንተ መካከል አንድ ሰው አንድ ቀን ይጠቅመው ይሆናል። የቀዘቀዘ ግልገል ወተት አይሰጠውም፤ ሆዱ አይፈጭም። መጀመሪያ ይሞቃል። በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ጠርሙስ አጠገብ አንድ ሰዓት አስተኛነው። ከጎጆዋ ጨርቅ ጋር ባሸነው የፕላስቲክ ማንኪያ አንሥተን፣ እጃችንን ሳናስነካ፣ ወደ እናቱ መለስነው። መልሳ ገፋችው። ከዚያ በኋላ ሥራው የእኔ ሆነ።

አገር ቤት እናት የሞተችበትን ሁሉ የላም ወተት እንሰጠዋለን። ለዚህ ግን አይሆንም። የሄጅሆግ ወተት የላም ወተት ያለው ዓይነት ስኳር እዚህ ግባ የሚባል የለበትም፤ የላም ወተት ከጠጣ ተቅማጥ ይዞት ይሞታል። ለድመት ግልገል የሚሸጠውን ዱቄት ወተት በለብታ ውሃ በጥብጠን በዚህ ሲሪንጅ ጠብታ ጠብታ ከንፈሩ ላይ። በጀርባው አታስተኙት፤ በሆዱ ይሁን፣ አለዚያ ወተቱ ሳንባው ይገባል። በየሁለት ሰዓት ተኩሉ፣ ሌሊቱንም ጭምር። ከጠጣ በኋላ በለብታ ውሃ በተነከረ ጥጥ ከሆዱ በታች ማሸት አለ፤ እናቱ በምላሷ የምትሠራው ሥራ ነው። ካልታሸ ሽንትም ሰገራም አይወጣውም። የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ከጥፍሬ የማይበልጥ ፍጥረት ሽንት እስኪሸና ትንፋሹን ይዞ ሲጠብቅ አስቡት። ሲሸና «እሰይ!» ብዬ ጮኬአለሁ።

ይህ ሚዛን ባለቤቴ በርበሬዋን የምትመዝንበት ነበር፤ ያን ሳምንት ተወረሰ። መጀመሪያ ቀን 9 ግራም። ሁለተኛ ቀን 9። ሐኪሟ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንድ ወይም ሁለት ግራም መጨመር አለበት ብላኛለች፤ ስለዚህ ያን ሁለተኛ 9 አይቼ ምሳ አልበላሁም። በሦስተኛው ቀን 10፤ በአራተኛው 12። ያን ዕለት በጎጆዋ ጨርቅ በደንብ አሽተን ከመኝታዋ ደጃፍ አስቀመጥነው። ጎበዜ ብቅ አለች። አሸተተች። በአፍንጫዋ ገፋ ገፋ አደረገችው፤ እንግዲህ ሊደገም ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጥ ከሆዷ ሥር አስገብታዋለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ስለሆነ በፍጥነት ላልፈው እችላለሁ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ዓይናቸው ተከፈተ። በሦስተኛው ሳምንት ጥርስ አወጡ፣ ከእናታቸው ሳህን መቅመስ ጀመሩ። አንዱ፣ ያው የእኔ ጥጋበኛ፣ የጫማዬን ማሰሪያ አገኘና ያኝከው ያዘ፤ አፉ አረፋ ሞላ። ከዚያ አንገቱን ወደ ኋላ ጠምዝዞ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ፣ አረፋውን በምላሱ ጀርባው ላይ ያለውን እሾህ ይቀባው ጀመር፤ ሚዛኑን ስቶ ወደቀ፣ ተነሥቶ እንደገና ቀባ። አዲስ ሽታ ሲያገኙ ሁሉም እንዲህ ያደርጋሉ። የልጅ ልጄ ያበደ መስሏት አለቀሰች። በሽታ አይደለም። በስድስተኛው ሳምንት ጡት ተዉ። ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ወንዶቹን ከእናታቸውና ከእህታቸው ለይተን በየሳጥናቸው አስቀመጥናቸው። ያ ሱቅ ይህችን አንድ ነገር ብቻ ቢያደርግ ኖሮ እኔ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር።

ሦስቱን ለመስጠት ስንነሣ ፊላደልፊያ ያለ የወዳጄ ልጅ አንዱን ጠየቀኝ። መኪናዬን ነዳጅ ሞልቼ ካበቃሁ በኋላ ነው በፔንሲልቬንያ ሄጅሆግ በቤት ማሳደግ በሕግ የተከለከለ መሆኑን የሰማሁት። ካሊፎርኒያም እንዲሁ ናት፤ ኒው ዮርክ ከተማም። የግዛታችሁን ሕግ ሳትጠይቁ እንዳትገዙም፣ እንዳትሰጡም።

ወላጆች፣ አንድ ነገር ለእናንተ። እነዚህ እንስሳት ጤነኛ መስለው ሳልሞኔላ የሚባለውን ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ ይይዛሉ። በጥር 2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ8 ግዛቶች 11 ሰዎች ከሄጅሆግ ጋር በተያያዘ በዚህ መታመማቸውን ገልጦ ሰዎች እንዳይስሟቸው አሳስቦ ነበር። እኛ ደግሞ ያየነውን ሁሉ መሳም እንወዳለን! እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ የእሷ ሳህን የእኛ ሰሐን በሚታጠብበት ገንዳ አይታጠብም። ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ያለበት ቤት ደግሞ ቢቀርባችሁ ይሻላል።

ጥያቄ ካለ። እዚያ ኋላ ያለሽው እኅቴ… «ደግማ ትወልድ ይሆን?» የለም፤ ብቻዋን ናት፣ እኛም አንፈልግም። ቆንጆ ናቸው ተብሎ ለማርባት የሚያስብ ካለ፣ የሌሊቱን የጥጥ ሥራ ከእኔ ጋር አንድ ሳምንት ይሞክርና ይወስን። አንተ ደግሞ፣ ቢጫ ሹራብ… «ያ የተጣለው አሁን የት ነው?» ቤት ነው። ሊሰጥ ነበር፣ ሦስት ሰው ለምኖኛል። ባለቤቴ እንቢ አለች። አሁን 480 ግራም ሆኗል፤ ወንድ መሆኑንም በሳጥን ውስጥ ከሥር ሁለት ጊዜ አረጋግጬአለሁ። «ስሙ ማን ነው?» በርበሬ።